የጓይ ትል ጥበብ

በጥምቀት ሰሞን አራዳ ገበያ ከደምቢያ የመጣ የሽምብራ እሸት ሲፈለፈል፣ ክብ ቀዳዳ ያለው አይጠፋም፤ ውስጡ ባዶ ነው። የጓይ ትል ሥራ። ገበሬው ቢረግመው አይፈረድበትም። እኔን ግን የሚገርመኝ አፈር ገብቶ የእሳት ራት ሆኖ መውጣቱ ነው፤ ጂኑ እንደሆነ ያው ነው። ነፍሳት በየዕድሜያቸው የትኛው ጂን ዝም እንደሚል ከሚወስኑት መካከል ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ይገኝበታል፤ 22 ገደማ ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ ያሉት ቁራጭ! የጂኑን መልእክት መንገድ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ሳይንቲስቶቹ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረጉት ይህ ግኝት በ2024 ኖቤል አሸልሟቸዋል። በረሮ ላይ የታየው ደግሞ ይብሳል፦ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ-2 የሚባሉት ልጅነትን የሚያስቀጥለውን ጂን ዝም ካላሰኙት፣ በረሮው በወጉ ሳይጎለምስ ይቀራል።