ወረንጦ፣ መቀስና የሩዝ ዛላ

የሩዝ አበባ እንግዳ አይወድም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ቅርፊቶቹ ለጥቂት ጊዜ ይላቀቃሉ፤ ይሁንና እነሱ ሲላቀቁ በውስጡ ያሉት ስድስት ወንዴዎች ዱቄታቸውን በገዛ ሴቴያቸው ላይ ማራገፍ ጀምረዋል። በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም የሚያዳቅሉ ሰዎች ከዚህ ሰዓት መቅደም አለባቸው።

መሣሪያቸው ትንሽ መቀስና ወረንጦ ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ዛላ ይመርጡና ከአናቱ የፈኩትን፣ ከግርጌው ገና ለጋ የሆኑትን አበቦች ያስወግዳሉ። ለነገ የደረሱት ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን አበባ ጫፍ በመቀስ ሰየፍ አድርገው ይቆርጣሉ። መቀሱ ትንሽ ዝቅ ካለ ሴቴዋን ይጎዳል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ወረንጦው መግቢያ ያጣል። በተከፈተችው ቀዳዳ ስድስቱም ወንዴዎች ሳይፈነዱ መውጣት አለባቸው፤ አምስቱን ያወጣ ሰው ምንም አልሠራም። የተጸዳው ዛላ በስስ የወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፤ በማግስቱ አባት የሚሆነው ዛላ አምጥተው ከላዩ ላይ ያራግፉበታል። ፍሬው ሲደርስ ጫፉ እንደተቆረጠ ስለሚወጣ፣ የተዳቀለው የትኛው እንደሆነ በዓይን ይለያል። ደብረ ዘይት ላይ ጤፍ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎቻችን ይህን ቢያዩ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ የእነሱ አበባ ከዚህ እጅግ ታንሳለች፤ የምትከፈተውም ገና በማለዳ ነው።

የዚህ ሁሉ ድካም አንዱ ምክንያት ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቡናማ መጣጭ ተባይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የተቋሙ ሩዝ አይአር8 ምርቱ አስደናቂ ቢሆንም ተባይ አይችልም ነበር። ተባይዋ መርፌ መሰል አፏን አገዳው ውስጥ ትሰካና ምግብ የሚያመላልሰውን ቧንቧ ትመጣለች፤ ስትበዛ ማሳው እሳት የለበለበው ይመስል በክብ በክብ ይደርቃል። መድኃኒት ሲረጭባት የሚያልቁት የሚበሏት ሸረሪቶች ናቸው፤ የእሷ እንቁላል አገዳውን በሚያቅፈው የቅጠል ሰገባ ውስጥ ተደብቆ ይተርፋል። ስለዚህ መከላከያው ከራሱ ከተክሉ መምጣት ነበረበት።

መከላከያ ያለውን ዝርያ የሚለዩበት ፈተና ጨካኝ ነው። ችግኞች በሳጥን ውስጥ በረድፍ ይዘራሉ፤ ከመካከላቸው ቲኤን1 የሚባል ተባይ የማይችል ሩዝ ሆን ተብሎ ይገባል። በሰባተኛው ቀን ገደማ የተባይዋ ግልገሎች ይለቀቁባቸዋል። ቲኤን1 ሲሞት ዳኝነቱ ይጀመራል፤ በዚያን ዕለት ቆሞ የተገኘ ይያዛል፣ የወደቀ ይጣላል። ከዚህ የረቀቀም ፈተና አለ። አገዳው ሥር ወረቀት ይነጠፍና የተባይዋ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል፤ ወረቀቱ ኒንሃይድሪን የተባለ ኬሚካል ሲቀባ ነጠብጣቦቹ ሐምራዊ ይሆናሉ። ሐምራዊው ከበዛ ተባይዋ ጠግባለች ማለት ነው።

መጀመሪያ ሙድጎ በተባለ የህንድ ሩዝ ውስጥ የታወቀ አንድ ጠንካራ ዘረመል ያለበት አይአር26 በ1973 ሲወጣ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይህን ሩዝ የሚበላ የተባይዋ ዘር ተነሣ። በ1976 ተተኪው አይአር36 ደረሰ፤ የተቋሙ አዳቃይ ጉርዴቭ ኩሽና ባልደረቦቻቸው ከስድስት አገሮች 13 ወላጆችን ያዋሃዱበት ሥራ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ኦሪዛ ኒቫራ የተባለ የህንድ የዱር ሩዝ ሲሆን፣ ይህችው ተባይ የምታዛምተውን አቀንጫሪ ቫይረስ ለመቋቋም ከ6,000 በላይ ናሙና ተፈትሾ የተገኘ ነው። የዱር ሩዝ ፍሬውን ያራግፋል፣ መልኩም አያምርም፤ ስለዚህ አንዱን ጠባይ ብቻ ይዞ ሌላውን ለመተው ዲቃላውን ከጥሩው ወላጅ ጋር ደጋግሞ ማዳቀል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ይህንኑ አይአር36ን ነው።

እኔ ግን የምመርጠው በ1985 የወጣውን አይአር64ን ነው። ያ የተሸነፈው የሙድጎ ዘረመል እሱም ውስጥ አለ። ልዩነቱ ከጎኑ ብዙ ጥቃቅን ዘረመሎች መሰለፋቸው ነው፤ አንዳቸውም ለብቻቸው ተባይዋን አያቆሙም። ተባይዋ በዚህ ሩዝ ላይ ትኖራለች፣ ግን እንደልቧ አትመጥም፣ እንደልቧም አትራባም፤ ሩዙም ቢሆን ትንሽ ቢጎዳ ይችላል። ፍጹም መከላከያ የያዙት እየተሸነፉ ሲወድቁ ይህ መካከለኛው ለረጅም ዓመታት ዘልቋል። ደግሞም ሲበስል ይጥማል፤ ገበሬውም ከዓመት ዓመት እየመረጠ የዘራው ለዚህ ጭምር ነው።