ሞተር ብስክሌቷ ከተሰባበረች በኋላ

በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለተመልካች የቀረበው የብራዚላዊው ዋልተር ሳሌስ ፊልም፣ «የሞተር ብስክሌት ማስታወሻ»፣ ርእሱ የሚሰጠውን ተስፋ የማይጠብቅ ሥራ ነው። በርእሱ የተሳበ ተመልካች፣ ሁለት ወጣቶች አቧራ እያስነሡ የአንዲስን ከፍተኛ ሸለቆዎች በሞተር ብስክሌት ሲያቋርጡ ለማየት ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ሞተር ብስክሌቷ ታሪኩ ከመጋመሱ በፊት ቺሌ ውስጥ ተሰባብራ ትቀራለች፤ ኩስኮንም ማቹ ፒቹንም አላየችም። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችል ይሆናል። ነገር ግን የፊልሙም ሆነ የመጽሐፉ ብርታት የሚጀምረው ከዚያው ስብራት ነው።

ታሪኩ እንደሚታወቀው እውነተኛ ነው። የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጌቫራና የ29 ዓመቱ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ አልቤርቶ ግራናዶ፣ በጥር ወር 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከቦነስ አይረስ ተነሥተው እስከ ቬኔዝዌላ ዘለቁ። የተነሡባት ባለ 500 ሲሲ አሮጌ ኖርተን ነበረች፤ «ኃያሊቱ ሁለተኛዋ» የሚል ስም ሰጥተዋታል። ስሙ ቀልድ ነው፤ በየጠጠሩና በየአሸዋው እየጣለቻቸው ሄዳለችና።

ባትሰበር ኖሮ እንኳ የሚጠብቃት መንገድ ቀላል አልነበረም። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ የቲቲካካ ሐይቅ በሚገኝበት በ3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ሞተሩ በባሕር ጠረፍ ከነበረው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ያጣል። ሁለት ሰው ከነጓዙ ለተሸከመች አሮጌ ሞተር ብስክሌት ደግሞ ሲሶ ብዙ ነው።

እንግዲህ ተጓዦቹ ወደ ደጋው የወጡት በእግርና በጭነት መኪና ነው። በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ሰው ባለጌታ ነው፤ ሲያሻው ይቆማል፣ ሲያሻው ያልፋል፣ የመንደሩም ሰው ለእርሱ በመንገድ ዳር የቆመ ሥዕል ነው። በጭነት መኪና ላይ የተሳፈረ ግን ከጆንያውና ከገበሬው ጋር ተጠጋግቶ፣ ብርዱን ከእነርሱ ጋር ይካፈላል። በማስታወሻው ውስጥ የአይማራ ገበሬዎች ሰው ሆነው የሚታዩት በፔሩ ደጋ፣ በዚህ ዓይነቱ ጉዞ ላይ ነው። ከዚያም በፊት፣ ቺሌ ውስጥ በባኬዳኖ፣ ከአንድ ኮሚኒስት የማዕድን ሠራተኛና ከሚስቱ ጋር ያሳለፉት የብርድ ሌሊት አለ፤ ብርድ ልብስ እንኳ የሌላቸውን ባልና ሚስት ያገኙት ሞተር ብስክሌቷ ከእጃቸው ከወጣች በኋላ ነው። የመጽሐፉ ጥሩ ገጾች እነዚህ ናቸው፤ ጸሐፊው አይጮኽም፣ የሚያየውን ብቻ ያስቀምጣል።

ሳሌስ ይህን ለውጥ ተረድቶታል። በፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ካሜራው ሰፊውን ሜዳና በረዶውን ተራራ ከሩቅ ያያል፤ ጉዞው በእግር ሲሆን ግን ወደ ሰው ፊት ይጠጋል። የኩስኮው ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። በዚያ ተዋንያኑ ከከተማዋ ነዋሪዎች ጋር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ ሴቶቹ በገዛ ቋንቋቸው በኬችዋ ስለ ኑሯቸው ይናገራሉ፤ አንድ ትንሽ ልጅም የኢንካውን ግንብና የስፔኑን ግንብ እያነጻጸረ እንግዶቹን ያስቃል። ጋኤል ጋርሲያ ቤርናል በዚህ ቦታ ትወናውን ትቶ ማዳመጥ ብቻ ነው የያዘው፤ ለተዋናይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የፊልሙ ድክመት ሌላ ነው። ማቹ ፒቹ ላይ ወጣቱ ያለ ጠመንጃ አብዮት እንደማይሳካ የሚናገርበት ቦታ፣ የኋለኛውን ታሪክ የሚያውቅ ደራሲ በወጣቱ አፍ ያስገባው ይመስላል፤ በዚያ ከፍታ ላይ የቆመው ተማሪ ገና ቼ አልነበረም። ጌቫራ ራሱ ማስታወሻውን ቆይቶ አርሞ ሲጽፍ፣ የተጓዘው ሰውና የሚጽፈው ሰው አንድ አለመሆናቸውን በመግቢያው አልሸሸገም። ፊልሙ ይህን ቅንነት ሳይወርስ ቀርቷል። በአማዞን ወንዝ ላይ በልደት ሌሊት የሚታየው ዋናም እንዲሁ ነው፤ ልብ ይሰቅላል፣ ዳሩ ግን የበሽተኞቹን መንደር ለአንድ ጎበዝ ጀግንነት መድረክ ያደርገዋል።

ከዚህ ይልቅ አከራካሪ የሚሆነው በጥቁርና ነጭ የቀረቡት ምስሎች ናቸው። የማዕድን ሠራተኞች፣ ገበሬዎች፣ እናቶች ከነልጆቻቸው፣ እንደ ፎቶግራፍ ፀጥ ብለው ወደ ተመልካቹ ይመለከታሉ። ውበታቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን በኩስኮ አፍ የነበራቸው ሰዎች እዚህ ድዳ ሆነዋል፤ የተራራው ሕዝብ እንደገና በመንገድ ዳር የቆመ ሥዕል ወደ መሆን ተመልሷል። ሳሌስ እነዚህን ፊቶች ያከበራቸው መስሎት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያናግራቸው ግን ይበልጥ ባከበራቸው ነበር።

በመጨረሻው ትዕይንት ሌላ ፊት ይመጣል። በዕድሜ የገፋው እውነተኛው ግራናዶ በአየር ማረፊያ ቆሞ፣ ጓደኛውን ይዞ የሚነሣውን አውሮፕላን ይመለከታል። እርሱም አይናገርም።