በቅሎዬና ጭብጦዬ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ለብዙ ዓመት በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፈውና፣ በቅሎን የሚያህል ሀብትና በእጅ ተጨብጣ የምትጋገር የመንገድ ስንቅ ጎን ለጎን መቆማቸውን እያሳየሁ «አያችሁ ውበቱን?» እል ነበር። ውበቱን አየሁት እንጂ ሕመሙን ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ደብረ ብርሃን፣ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ጠርዝ ላይ ቆሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያው ሄጄ ነበር። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ፀሐይ ይጠብቃል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ለከተማዋ ዝና ሆኖ መቅረቱ ያለ ነገር አይደለም። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ የልጆች ትግል አለ፤ እንሂድ» አለኝና ተያይዘን ሄድን።

ትግል ለዚህ አገር ልጅ እንግዳ አይደለም። ከብት ጥበቃ የዋለ ሁሉ ታግሏል። ዳኞቹ ጓደኞቹ ነበሩ፤ ደንቡም አንድ ነበር፤ ጀርባው መሬት የነካ ወደቀ፣ አለቀ። ዛሬ ትግል ከገና፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶች ተርታ ተመዝግቦ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ውድድር የሚካሄድበት ሆኗል። ደስ ይላል። ጨዋታ ወደ ስፖርት ሲያድግ ግን ፉጨት ብቻ ሳይሆን ወረቀትም ይዞ ይመጣል። የዛሬው ጉዳዬም ከወረቀቱ ጋር ነው።

ተራው የደረሰው አንዱ ልጅ ከአንኮበር በኩል የመጣ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ያንን ቀዝቃዛ ዳገት በአይሱዙ ተጭኖ መጥቷል። ዕድሜው 14 ወይም 15 ቢሆን ነው። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ ነው። ዳኛው፣ ወጣት የስፖርት መምህር፣ በጣቱ ጠራውና «አንተ፣ በዚህ ፀጉር አትታገልም» አለው።

«ቲቸር፣ በሻሽ አስረዋለሁ» አለ ልጁ።

«ማሰር ምናምን የለም። ወይ ትቆረጣለህ፣ ወይ ትወጣለህ።»

አብረውት የመጡት አያቱ ከተመልካቹ መሐል ብድግ አሉ። «የኔ ጌታ፣ የሚካኤል ስለት እኮ ነው። ታሞብኝ ተስዬ ነው። የሰኔ ሚካኤል ሲደርስ እኔው ራሴ አስላጨዋለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ደንብ ነው፤ ምን ላድርግ?» አላቸው ዳኛው።

አንዱ መቀስ ፍለጋ ሮጠ። ልጁ መቀሱን አልጠበቀም። አያቱን አየ፣ ጋቢውን ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። ተጋጣሚው ሳይታገል እጁን ተያዘና አሸናፊ ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

እስቲ ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ቀጥሎ የገባው የከተማ ልጅ ፀጉሩን በጄል አቁሞታል፤ ቅባቱ አንገቱ ድረስ ያብለጨልጫል። ለታጋይ ደግሞ ከቅባት የባሰ ነገር የለም፤ የያዝከው ያመልጥሃል። ማንም ቃል አልተናገረውም። ሦስተኛው ልጅ ራሱን ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፤ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ የሳንቲም ክብ የምታህል ጭርት ትታያለች። ጭርት በመነካካት የሚተላለፍ የቆዳ በሽታ ነው፤ ትግል ደግሞ ሁለመናው መነካካት ነው። እሱም «ንጹሕ» ተብሎ ገባ። አራተኛው ኮንጎ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሊታገል ሲል «ሸራ ጫማ የሌለው አይገባም» ተባለ። ከአንድ ጎረምሳ ተዋሰ፤ ጫማው እግሩን ሁለቴ ይውጠዋል። በተጋጣሚው ሳይሆን በጫማው ተጠልፎ ወደቀ።

ሜዳው ሲበተን ወደ ዳኛው ጠጋ ብዬ ደንቡን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ክፉ ሰው አይደለም። የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በትሕትና ሰጠኝ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ግጥም እንደማነብ፣ ቃል በቃል አነበብኩት። ስለ ፀጉር የሚለው «ተወዳዳሪው ሥርዓት ያለው ፀጉር ይኑረው» ነው። ስለ ልብስና ጫማ የሚለው ደግሞ «ተገቢውን ትጥቅ ያሟላ» ነው። በቃ።

አንባቢ ሆይ፣ «ሥርዓት ያለው» ስንት ጣት ነው? «ተገቢው» በየትኛው ሱቅ ይሸጣል? ለልቦለድ ጸሐፊ ቅጽል ጌጡ ነው። ደንብ ጸሐፊ ግን በቅጽል ከጻፈ ደንቡን ሳይጨርስ ነው ወረቀቱን ያስረከበው፤ የቀረውን ዳኛው በየሜዳው፣ በዓይኑና በአስተዳደጉ ይጨርሰዋል። ያ ወጣት መምህር ሥርዓት ያለው ፀጉር ሲባል የታየው የራሱ ፀጉር ነው። ጄል ደግሞ የከተማ ነውና ሥርዓት መሰለው። ሹሩባ የወንድ ልጅ ራስ ላይ ሲያይ የታየው ዱርዬነት ነው፤ ስለቱ አልታየውም። በዚህ አገር ግን ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሹሩባ፣ ጎፈሬ እያንዳንዱ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ ዕድሜውን፣ ሐዘኑን፣ ስለቱን፣ ጀግንነቱን። በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚሁ ሸዋ ውስጥ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ጫካ የገቡት አርበኞች በዚያ ወረቀት ቢመዘኑ ስንቶቹ ሜዳ ይገቡ ነበር?

«ታዲያ ደንብ ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ደንብስ ይኑር፤ ያውም ጠንካራ። ለዚህ ምስክሬ ደራራ ሁሪሳ ነው።

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ደራራ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ኬንያዊው ሌናርድ ላንጋት በ3 ሰከንድ ተከተለው። ጥቂት ቆይቶ ደራራ ተሰረዘ፤ ድሉም ለላንጋት ተሰጠ። ምክንያቱ የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው፤ የሚፈቀደው 4 ነው። እኛ ቤት ያን ቀን የእንቁጣጣሹ ዶሮ አልጣመንም። አንድ ሴንቲ ሜትር! ቢሆንም ስናስበው ደንቡ በቁጥር የተጻፈ ነው። የጫማ አምራቾች ሶሉን እያወፈሩ ሯጩን እንደ ምንጭ ሲያስፈነጥሩት፣ ውድድሩ የእግር መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካ እንዳይሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣ ነው። ከሩጫው በፊት ለአትሌቶቹና ለአሠልጣኞቹ ተነግሯል፤ ደራራም ሌላ ጫማ አስመዝግቦ ነበር። ማስመሪያ ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊ አይለይም። ከመነሻው መስመር ላይ ጫማውን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም መና ባልቀረ ነበር፤ ይህ የአዘጋጆቹ ጉድለት ነው እላለሁ። ፍርዱ ግን ፍርድ ነው። ደራራ የተወሰደችበት በቅሎ ናት፤ በፍርድ ሄዳለች።

የአንኮበሩ ልጅስ? የሄደችበት ጭብጦ ናት። አንድ ግጥሚያ። ጋዜጣ አይጽፈውም፣ ሬዲዮ አያወራውም። ያለፍርድ ግን ሄዳለች።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ የ16 ዓመት ጥቁር ታጋይ ሊገጥም ሲል ዳኛው ድሬዱን አየና የፀጉር መሸፈኛህ ደንቡን አያሟላም፣ ወይ ትቆረጣለህ ወይ ተሸንፈሃል አለው። እዚያው ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ ሕዝብ እያየ፣ ፀጉሩ በመቀስ ተከረከመ። ልጁ ገብቶ አሸነፈ፤ ፊቱን ያየ ግን ያሸነፈ ነው አይለውም። እዚያስ የተጻፈ ደንብ ነበር። የጠፋው ጊዜው፣ አማራጩና ርኅራኄው ነው። ዳኛው በኋላ ለ2 የውድድር ዘመን ታገደ። ልክ በዓመቱ ግዛቲቱ በፀጉር አሠራር ምክንያት ማግለልን የሚከለክል ሕግ አወጣች። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን የፀጉር ርዝመት ገደብን ከትግል ደንቡ አወጣው። ርዝመቱ ለካ ለጨዋታው አስፈላጊ አልነበረም!

በዚያው በ2013 ዓ.ም.፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊት፣ የዓለም የዋና ፌዴሬሽን ለጎፈሬና ለሹሩባ የሚሆን ሰፋ ያለ የዋና ቆብ አልፈቅድም ብሎ ነበር። የሰጠው ምክንያት ቆቡ የራስን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አይከተልም የሚል ነው። የማን ራስ? አያችሁ፣ እዚያም ቅጽል ገብታለች። «ተፈጥሯዊ» የምትል ቃል የስንቱን ተፈጥሮ ከገንዳው አስወጣች። ከዓመት በኋላ ቆቡ ተፈቀደ፤ ኦሊምፒኩ ግን አልፏል።

ወደ ጫማው ልመለስ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ የሸዋ ገጠር የተወለደው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የቀረበለት ጫማ አልተስማማውም፤ በባዶ እግሩ መሮጥንም ለምዶታል። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ደገመው። በዚያ ማታ ሮም ላይ «ተገቢውን ትጥቅ ያሟላ» የሚል ወረቀት የያዘ ዳኛ ቢኖር ኖሮስ? ዛሬም ቢሆን የዓለም አትሌቲክስ ደንብ አትሌት በባዶ እግሩም ሆነ በጫማ መወዳደር እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። በአበበ አገር፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ልጅ በባዶ እግሩ አትታገልም ይባላል! እርግጥ በትግል አንዱ ጫማ አድርጎ ሌላው ባዶ እግሩን ከሆነ ጣት ይረገጣል፤ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። መፍትሔው ግን ድሃውን ማስወጣት ነው ወይስ ሁሉንም ጫማ ማስወለቅ? ማስወለቅ ሳንቲም አያስወጣም።

እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ወደ ራሴ።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀን ድሬድ ያሳደገ ተማሪ ወደ ክፍሌ ገባ። «ፀጉርህን ተስተካክለህ ና» አልኩት። «የትኛው ደንብ ላይ ነው ያለው፣ መምህር?» አለኝ። «ድፍረትህን ቀንስ» አልኩት። ወጣ። ያን ቀን የ10 ማርክ ፈተና ነበረ፤ አመለጠው። እኔም አልደገምኩለትም። በዚያ ሰሞን የማስተምረው ስለ አርበኞች የተጻፈ ቴአትር ነበር። ጎፈሬያቸው እንደ ዘውድ የቆመ አርበኞች ፎቶግራፍ ለማሳያ ይዤ ገብቼ፣ ልጁ በወጣበት በር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህ ነገር ለዓመታት አልታየኝም። የታየኝ ደብረ ብርሃን ላይ ነው፤ ያ ልጅ ጋቢውን ሲያነሳ።

የድሮ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል እርምጃውን ይገታ ነበር ይባላል። ባላገሩ ባለሥልጣኑን፣ ባለዕዳው ባለገንዘቡን በዚያች ቃል ያቆመው ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ከነበርነው ሰዎች አንዳችንም አላልናትም። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ቆሜአለሁ። አያትዮዋ ብቻ ናቸው የተናገሩት፤ እሳቸውም ሕግ አልጠቀሱም፣ ለመኑ እንጂ።

እንግዲህ የታዳጊ ውድድር ደንብ የምታወጡ ወዳጆቼ፣ ከወረቀታችሁ ላይ ቅጽሎቹን ሰርዙልን። ፀጉር የሚያሰጋ ከሆነ የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ቅባት ነው፣ መርፌ ቁልፍ ነው፣ ዓይን የሚሸፍን ነው? የሚታሰረው ይታሰር፣ የሚሸፈነው ይሸፈን። ጥፍርና ቆዳ የሁሉም ይታይ፤ የተላጨውም፣ ያልተላጨውም። ይህ ሁሉ ልጁ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ከውድድሩ ቀን በፊት ይለቅ እንጂ ሜዳ ጠርዝ ላይ በመቀስ አይሁን። ጫማ ግዴታ ካደረጋችሁ ለሌለው የምታውሱት ይኑራችሁ፤ ከሌላችሁ ግዴታ አታድርጉት። «ይህ ልክ አይደለም» የሚል ልጅም አቤት የሚልበት አንድ ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ ይኑረው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ይህን ያነብ ይሆናል። ካነበበ፣ የጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ የትኛውም ደንብ ላይ አልነበረም። ያቺ 10 ማርክም ጭብጦው ነበረች።

ደህና ሰንብቱ።