አራት የሩዝ ፍሬ ፍለጋ

አሜሪካዊው የመርከብ አዛዥ ቻርልስ ማርቴል ቁመቱ ዓመት በዓመት ያጥር ነበር። አጥንቱ ሳስቷል፣ ኩላሊቱ ጠጠር ቋጥሯል። ሐኪሞች ጥፋተኛው ፓራታይሮይድ ዕጢ እንደሆነ ቢጠረጥሩም አንገቱን ደጋግመው ከፍተው አጡት። በ1932 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ፣ በሰባተኛው ቀዶ ሕክምና፣ ዕጢው ደረቱ ውስጥ ተገኘ። ሰውዬው ግን ከሳምንታት በኋላ ሞተ።

ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሩዝ ያህላሉ፣ የደምን ካልሲየምም ይቆጣጠራሉ። ዛሬ ቀዶ ሐኪሙ ቢላ ሳያነሳ በምስል ይፈልጋቸዋል። የጥሩ ሥራ የመጀመሪያ ምልክት ግን ምስሉ አይደለም። የዕጢው በሽታ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው፦ ካልሲየም ከፍ ብሎ፣ ሊወርድ የሚገባው የዕጢው ሆርሞን አልወርድ ሲል። ምስሉ ባዶ ስለሆነ ብቻ «በሽታ የለብህም» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ከመነሻው ስቷል።

አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፤ ከደረት አጥንት ኋላ ያለውን ግን አያይም። በኑክሌር ምርመራ ሴስታሚቢ የተባለ ጨረር አመንጪ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ ከታይሮይድ ቶሎ ይለቅና በታመመው ዕጢ ላይ ይቆያል። ታካሚው እንቅርት ካለበት ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ የታይሮይድ እብጠትም መድኃኒቱን ይዞ ቀርቶ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም የጽሑፍ ውጤት ብቻ አንብቦ አይገባም፤ ምስሉን ራሱ ያያል።

ሁለቱ ምርመራዎች አንድ ቦታ ከጠቆሙ በአንድ ወገን በትንሽ ቅድ መግባት ያስኬዳል፤ ከመቶ ታካሚዎች 85 ያህሉ የታመመባቸው አንድ ዕጢ ብቻ ነውና።

እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ዕጢው ከወጣ በኋላ ነው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ዕድሜው የደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ በ10ኛው ደቂቃ ደም ተወስዶ ይለካል። ከ50 በመቶ በላይ ከወረደ ቁስሉ ይዘጋል። ካልወረደ ሌላ የታመመ ዕጢ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጎበዙ ያን ጊዜ ምስሉን ትቶ በሌላው ወገን ይፈልጋል፤ ጤነኞቹን ዕጢዎችና የድምፅ ነርቭን ሳይነካ። ሰነፉ «ምስሉ ያሳየኝን አውጥቻለሁ» ብሎ ይሰፋል።

ጠባሳው ቢያምር መልካም ነው፤ ዳኝነቱ ግን የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ በሚወሰደው ደም ላይ በሚነበበው የካልሲየም መጠን ነው።