ምስጋና ለግራብ ሬስኪው

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሊኑክስ መምጣቱን ትቶ ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ሲያወጣ፣ ብዙ ሰው ፋይሌ ሁሉ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። እኔ ይህን ስክሪን እወደዋለሁ። ኤሪክ ቦሊን በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግራብ፣ የመጀመሪያው ትውልዱ ሲሰናከል «ኤረር 17» ብሎ ድርቅ ይል ነበር፤ ምኑን ልታደርጉት! ግራብ 2 ግን ወድቆም ያነጋግራል።

ብዙውን ጊዜ የጠፋ ፋይል የለም። ፓርቲሽን ተሰርዞ ወይም ቁጥሩ ተቀይሮ፣ ግራብ የሞጁሎቹ አድራሻ ጠፍቶበት ነው፤ ሰፈሩ ፈርሶ እንደተሠራበት እንግዳ። በ«ኤልኤስ» ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ ትፈትሻላችሁ። የቡት ፎልደሩ ያለበትን ስታገኙ፣ በ«ሴት» ትእዛዝ «ሩት» እና «ፕሪፊክስ» የሚባሉትን ወደዚያ ትመሯቸዋላችሁ። ከዚያ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ቀጥሎ «ኖርማል» ስትሉ የለመዳችሁት ሜኑ ከች ይላል። በአሮጌው የባዮስ አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ለቡት ኮድ የሚተወው 446 ባይት ብቻ መሆኑን ሳስብ፣ ግራብ ከዚያች ጠባብ ቦታ ተነስቶ እዚህ መድረሱ ይገርመኛል።

ብቻ ሊኑክስ ከተነሳላችሁ በኋላ «ግራብ ኢንስቶል»ን ማስኬድ እንዳትረሱ፤ በሬስኪው የሰጣችሁት አድራሻ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።