ምልክቱ ያለ መምህር አይናገርም

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና በሚገኘው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ድጓ ተገልጦ ያየ ሰው፣ ከግእዙ ቃል በላይ የተጻፉ ደቃቅ ፊደላትና ጭረቶች ይታዩታል። ብዙዎች «ይህ የእኛ ኖታ ነው» ይላሉ። አባባሉ ለክብር ቢሆንም ያሳስታል።

ሉት ለተባለው የአውሮፓ ባለ ክር መሣሪያ ከ500 ዓመት በፊት በተጻፉት መጻሕፍት መስመሮቹ ክሮቹን፣ ፊደሉ ወይም ቁጥሩ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ያሳያሉ። ስለዚህ መሣሪያውን የሚችል ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ መሞከር ይችላል። የድጓ ምልክት ግን እንዲህ አይደለም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት በትውፊት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረትና የመሳሰሉት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ፤ ፊደላቱ ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ዜማ የተወሰዱ ማስታወሻዎች ናቸው። ያልሰማውን አያስተምሩም፤ የሰማውን ያስታውሳሉ።

ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ስብስብ ትልቅ ውለታ ነው። በተለይ የመጀመሪያው ቅጽ ምልክቶቹን በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ለይቶ እንደ መዝገበ ቃላት ማቅረቡ ለተመራማሪ ብርሃን ነው። ሆኖም በአምስት መስመር ላይ የሰፈረው አንድ ባለ ዜማ በአንድ ወቅት ያዜመው ነው። ያንን ብቸኛ ትክክል አድርጎ የሚወስድ አንባቢ ይሳሳታል።

ነገሩ እኛን ቤተ እስራኤልን ይበልጥ ይመለከተናል። የቄሶቻችን ጸሎት ከናካቴው የዜማ ምልክት የለውም፤ ቄስ ከቄስ በጆሮ ተቀብሎ ያደረሰው ነው። ሸለመይ በ1973 እ.ኤ.አ. በጎንደር አካባቢ የቀረጸችው ድምፅ ለጥናት ጠቅሟል፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ላሳተመችውም መጽሐፍ መሠረት ሆኗል። ነገር ግን ቴፕ ተማሪው ሲሳሳት «ተመለስ፣ እንደገና በል» አይለውም።

በስግድ ዕለት በአርሞን ሀነጺብ ቄሶቹ ሲጸልዩ ከልጆቻችን ስንቱ ተቀብሎ ይመልሳል? «ጸሎታችን በኖታ ይጻፍልን» የሚለውን ጥያቄ አልቃወምም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ በመጀመሪያ አንድ ወጣት በአንድ ቄስ እግር ሥር ይቀመጥ፣ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አለዚያ ነገ በእጃችን የሚቀረው የሚያነበው የታጣ ምልክት ነው።