ግልጽ ቱቦና ጥቂት ውሃ

ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት መኪና ከሥሩ ዘይት ሲያንጠባጥብ ብዙ ሰው የሚቸኩለው የዘይት ማገጃውን ጎማ ለመቀየር ነው። መንስኤው በሞተሩ ሆድ (ዘይቱ ባለበት ክፍል) የታመቀ ግፊት ከሆነ አዲሱም ጎማ ያፈሳል። ለእኔ ከሁሉ የምትቀድመው እንደ «ሀ» ፊደል የታጠፈች፣ ባለ ቀለም ውሃ የያዘች ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ናት። አንዱ ጫፏ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር በጥብቅ ይገጠማል፤ ሌላው ለአየር ክፍት ነው።

ጤነኛ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ ውሃውን በቀስታ ወደ ራሱ ይስባል። (ክንዶቿ ረጃጅም ይሁኑ፤ ውሃው ሞተር ውስጥ መግባት የለበትም።) ቁም ነገሩ የሚታየው ሱፐርቻርጀሩ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ መግፋት ሲጀምር ነው። 0.7 ባር ግፊት 7 ሜትር ያህል ውሃ ሽቅብ ያቆማል። ከዚያ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ ወደ ሞተሩ ሆድ ቢሻገር ቱቦዋ ወዲያው ታሳያለች። እንዴት ያለ ታማኝ መሣሪያ ነው!

ውሃው ከዘለለ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የሞተሩን ትንፋሽ የምታስወጣውና ግፊት ሲመጣ መዘጋት ያለባት ትንሽ ቫልቭ፣ ወይም ያለቀ የፒስተን ፋሻ። ከቫልቯ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ጎማ አውልቀው ሁለቱንም ወገን ይድፈኑ፤ የሞተሩ መተንፈሻ ግን በሌላ በኩል ክፍት ይሁን። ውሃው ከረጋ ጥፋቱ የቫልቯ ነው። ካልረጋ ሲሊንደሮቹን ተራ በተራ በታመቀ አየር ሞልቶ በዘይት መሙያው አፍ ጆሮን መጣል ነው፤ ያለቀው ፋሻ እዚያ ሲያፏጭ ይሰማል።